የቡና እርሻው ልጅ፤ ብራዚላዊው ሠዓሊ ካንዲዶ ፖርቲናሪ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን ከመሄዳችን በፊት፣ ወይም ማታ ድካማችንን ልናራግፍ ከቤተ ሰባችን ጋር ስንቀመጥ፣ አንድ ሲኒ ቡና በእጃችን ሳንይዝ የምንቀር ጥቂቶች ነን። ነገር ግን ቡናውን እየጠጣን፣ ፍሬውን ከዛፉ ያወረደው እጅ የማን እንደ ሆነ፣ ጆንያውንም ተሸክሞ ያወጣው ሰው ምን ይመስል እንደ ነበረ የምናስብ ከመካከላችን ስንቶች ነን? የዛሬው ንግግራችን ይህን ሲያስብ ስለ ኖረ አንድ ሰው ነው። እርሱም የብራዚሉ ሠዓሊ ካንዲዶ ፖርቲናሪ ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቡና ከአገራችን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ፣ በየመን በኩል ወደ ዓረብና ወደ ቱርክ፣ ከዚያም ወደ አውሮጳ መሻገሩ የታወቀ ነው። ወደ ብራዚል የገባው በ1727 ከጎረቤቷ ከፈረንሳይ ጉያና ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያች ሰፊ አገር ዋና ሀብት ለመሆን በቃ። ዳሩ ግን የቡናው ሀብት የተሠራው ከአፍሪካ በግዴታ ተግዘው በተወሰዱ ባሮች ጉልበት ነበር። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 ነው። ባርነቱ ሊሻር በተቃረበበትና ከተሻረም በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የቡና እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ ስለ ቸገራቸው ከአውሮጳ፣ ይልቁንም ከኢጣሊያ፣ ድኻ ገበሬዎችን በብዛት ያስመጡ ጀመር። በዚህ አኳኋን ባሕር ተሻግረው ከመጡት መካከል፣ በኢጣሊያ ሰሜን ከሚገኘው ከቬኔቶ አውራጃ የተነሡ ሰዎች ነበሩባቸው። የካንዲዶ ፖርቲናሪም ወላጆች ከእነዚሁ ወገን ናቸው።

ካንዲዶ የተወለደው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 1903 በሳን ፓውሎ ክፍለ ሀገር ብሮዶውስኪ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የቡና እርሻ ውስጥ ነው። ከተማይቱ በምድር ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስሟንም ያገኘችው በባቡሩ ሥራ ላይ ከነበረ ከአንድ የፖሎኝ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ለእናትና ለአባቱ ከተወለዱት ከ12ቱ ልጆች ካንዲዶ ሁለተኛው ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለትምህርት የሚተርፍ ገንዘብ እንደማይኖር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። በልጅነቱም እግሩን ተጎድቶ ስለ ነበር ዕድሜውን ሁሉ እያነከሰ ኖረ።

ይሁን እንጂ ልጁ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነበረው። ቀዩ አፈር፣ በረድፍ የተተከለው የቡና ዛፍ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱት ሠራተኞች፣ በሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩት ልጆች፣ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ድርቅ አሳዷቸው ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው በከተማይቱ የሚያልፉት ስደተኞች፣ እነዚህ ሁሉ በዓይኑ ገብተው በልቡ ተቀመጡ። በኋላ ዘመን በዓለም ትላልቅ ከተሞች የተሰቀሉት ሥዕሎቹ ሁሉ ከዚህ የልጅነት ጎተራ የወጡ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዕድሜው 14 ወይም 15 ዓመት ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናትን እያስጌጡ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወሩ የኢጣሊያ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ወደ ብሮዶውስኪ መጡ። እነርሱም የከተማይቱን ቤተ ክርስቲያን ሲያስጌጡ ካንዲዶን ረዳት አድርገው ያዙት። ቀለም መበጥበጥና ብሩሽ ማጠብ ለሌላው ልጅ ተራ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ግን የዕድሜ ልክ መንገዱን የከፈተለት በር ሆነ። ከዚያ በኋላ በእርሻው መቅረት አልሆነለትም። ገና በወጣትነቱ ዘመድና ወዳጅ ወደማይበዛበት ወደ ዋና ከተማው ወደ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ሄደ። ከችግር ጋር እየታገለም ወደ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት በቃ።

በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ከአውሮጳ የተቀዳ ነበር። ተማሪው ሥዕል ሠርቶ ለመመስገን የፈለገ እንደ ሆነ እንደ አውሮጳ ሠዓሊ መሣል ነበረበት። ካንዲዶ በ20 ዓመት ዕድሜው ገደማ የገጠር ሰዎችን የጭፈራ ምሽት የሚያሳይ አንድ ሥዕል ሠርቶ ለዓመታዊው ኤግዚቢሽን አቀረበ። ሥዕሉም የመንደሩን ሰዎች የሚያሳይ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ዳኞቹ ግን ሳይቀበሉት ቀሩ። ወጣቱም ከዚህ ነገር አንድ ትምህርት አገኘ፤ ሽልማት ለማግኘት ዳኞቹ የሚወዱትን መሥራት እንደሚያስፈልግ ተረዳ። ስለዚህም ለጊዜው የተከበሩ ሰዎችን መልክ በጥንቃቄ ወደ መሣል ተመለሰ። በ1928 የባለቅኔውን የኦሌጋሪዮ ማሪያኖን መልክ ሥሎ ባቀረበ ጊዜ፣ ተማሪዎች ሁሉ የሚመኙትን ወደ ውጭ አገር የመሄድ ሽልማት አገኘ።

አድማጮቻችን፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንድናስብ የሚያደርገን ነገር አለ። ካንዲዶ በመንግሥት ገንዘብ ወደ አውሮጳ ሄደ፤ ፓሪስም ተቀመጠ። ከእንዲህ ያለው ሰው ይጠበቅ የነበረው ብዙ ሸራ ሞልቶ፣ ብዙ ሥዕል ተሸክሞ እንዲመለስ ነበር። እርሱ ግን ቀኑን በየሙዚየሙ እየዞረ የጥንት ሊቃውንትን ሥራ ሲመለከት፣ ከሰዎች ጋር ሲነጋገርና ሲያስብ ያሳልፍ ነበር እንጂ እምብዛም አልሣለም። በ1931 ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟቸው የመጣው ሥዕሎች በጣት የሚቆጠሩ ትንንሽ ነገሮች ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ ባከነ ሊል ይችል ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ከፓሪስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ፣ ከሩቅ ሆኖ ሲመለከታት የትውልድ መንደሩ ከቀድሞው ይልቅ አጥርታ እንደ ታየችው፣ ወደ አገሩም ሲመለስ ያንኑ የመንደሩን ሕዝብ ከነልብሱና ከነመልኩ እንደሚሥል ገልጿል። የሰው አገር የሰጠው ትልቁ ስጦታ የገዛ አገሩን የሚያይበት ዓይን ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ሰው ተምሮ መጣ የሚባለው ሻንጣውን ተፈትሾ ሳይሆን፣ ከተመለሰ በኋላ በሚሠራው ሥራ እንደ ሆነ ከፖርቲናሪ ሕይወት እንማራለን። በፓሪስ ካገኘው በረከት አንዱ ደግሞ ማሪያ ማርቲኔሊ የምትባለው የኡሩጓይ ተወላጅ ወጣት ናት። እርስዋም ሚስቱ ሆና እስከ መጨረሻው ድረስ አልተለየችውም።

ከተመለሰም በኋላ የተናገረውን ፈጸመ። በ1934 «የቡና ሠራተኛ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። በሥዕሉ ላይ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ዶማውን ይዞ ቆሟል። እጆቹ ትላልቅ ናቸው፤ ባዶ እግሮቹም ከተፈጥሮ ልክ አልፈው ሰፍተው መሬቱን እንደ ሥር ይዘውታል። ከኋላው የቡናው ተክል በረድፍ እየሆነ እስከ አድማስ ይዘልቃል፤ የተቆረጠ ግንድ ይታያል፤ በሩቅም ባቡር ጢሱን እየነፋ ያልፋል። ጫካው ተመንጥሮ፣ ቡናው ተተክሎ፣ ምርቱ በባቡር ተጭኖ ሲሄድ፣ ሠራተኛው ግን ባለበት እንደ ቆመ መቅረቱን ሥዕሉ አንድ ቃል ሳይናገር ይነግረናል። ቢሆንም ሰውየው አንገቱን አልደፋም፤ ቀና ብሎ ወደ ሩቅ ይመለከታል። ለማኝ ወይም ተመጽዋች አይመስልም፤ የሥራው ጌታ ይመስላል።

በሚቀጥለው ዓመት በ1935 «ቡና» የተባለውን ትልቅ ሥዕል አቀረበ። በዚህኛው ላይ አንዱ ጆንያ ሲሸከም፣ ሌላው ሲሞላ፣ ሴቶቹ ሲለቅሙ ይታያሉ። በአንድ በኩል ካቦው ቆሞ እጁን ዘርግቶ ያዛል። የተሸካሚዎቹ ፊት በጆንያው ስለ ተከለለ በአብዛኛው አይታይም፤ የሚታየው ክንዳቸውና እግራቸው ነው። ይህ ሥዕል በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ በተደረገው የካርኔጊ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የክብር ምስጋና ስላገኘ፣ የፖርቲናሪ ስም ከአገሩ ወሰን አልፎ ይሰማ ጀመር። የገጠሩን ጭፈራ ሥዕል ዳኞች ከመለሱበት ጊዜ ጀምሮ ገና ከ12 ዓመት አይበልጥም ነበር።

በዚያን ጊዜ የብራዚል የትምህርትና የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ጉስታቮ ካፓኔማ ነበሩ። ካፓኔማ በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ለመሥሪያ ቤታቸው አዲስ ሕንጻ ለማሠራት አስበው፣ ሥራውን እንደ ሉሲዮ ኮስታና እንደ ኦስካር ኒማየር ላሉ ወጣት የአገሪቱ መሐንዲሶች ሰጡ። ስመ ጥሩው ለ ኮርቡዚየም ከፈረንሳይ መጥቶ በምክር ረዳቸው። የግድግዳውን ሥዕል እንዲሠራ የተመረጠው ፖርቲናሪ ነበር። ከ1936 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሠራው ሥራ የብራዚልን የኢኮኖሚ ታሪክ በ12 ሥዕሎች የሚያሳይ ነው፤ አገሪቱ ስሟን ያገኘችበት ቀይ እንጨት፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የከብት እርባታ፣ ወርቅ፣ ትንባሆ፣ ጥጥ፣ ቡና፣ ካካዎ፣ ብረት፣ ጎማና የመሳሰሉት ሁሉ በዚያ አሉ። አሠራሩም ቀለሙን በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ መቀባት ነው። ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ ስለሚያስፈልግ ለማመንታት ጊዜ አይሰጥም፤ ቀለሙ አንድ ጊዜ ከልስኑ ጋር ከደረቀ ግን የግድግዳው አካል ሆኖ ይኖራል።

በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚፈለግ ንጉሥ፣ ጄኔራል ወይም ገዥ አይገኝም። የአገር ሀብት ታሪክ ተብሎ በሚኒስቴር ግድግዳ ላይ የተጻፈው ሀብቱን በጉልበታቸው ያወጡት ሰዎች ታሪክ ነው። ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ሚኒስትሩ ይገባ የነበረው ባለሥልጣንና ባለጉዳይ ሁሉ፣ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሠራተኞች ዙሪያውን ከበው ሲመለከቱት ያገኛቸው ነበር። በቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማስታወሻ ያለ አይመስለንም።

ዘመኑ ግን ቀላል አልነበረም። ጄቱሊዮ ቫርጋስ ከ1937 እስከ 1945 አገሪቱን ያስተዳደሩት ፓርላማውን ዘግተው በፍጹም ሥልጣን ነበር። ስለዚህም ፖርቲናሪን «የመንግሥት ሠዓሊ» እያሉ የሚነቅፉት ሰዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ የሠራተኞቹን ግዙፍ እግርና ያበጠ እጅ እያዩ፣ የአገሪቱን መልክ አበላሸ ብለው ይቆጡ ነበር። አንዱ ወገን ለባለሥልጣን አደረ ሲለው፣ ሌላው ወገን አገሩን አዋረደ ይለው ነበር ማለት ነው። እርሱም ለሁለቱም የሰጠው መልስ መሣሉን መቀጠል ነበር።

ዝናው በውጭ አገር እየሰፋ ሄደ። በ1939 ለኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን የብራዚልን አዳራሽ በሦስት ትላልቅ ሥዕሎች አስጌጠ። በ1940 የኒው ዮርክ የዘመናይ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የእርሱን ሥራዎች ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አደረገ። በ1941 ደግሞ በዋሺንግተን በሚገኘው በታላቁ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አራት የግድግዳ ሥዕሎች ሠራ። በዚያው ዓመት የሠራውን ሌላ ሥራ ግን ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። አያቱ አርጅተው ስለ ታመሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተስኗቸው ነበር። እርሱም በብሮዶውስኪ በሚገኘው በወላጆቹ ቤት ትንሽ የጸሎት ክፍል አዘጋጀላቸውና ግድግዳውን በቅዱሳን ሥዕል ሸፈነው። የቅዱሳኑንም ፊት በቤተ ሰቡና በወዳጆቹ መልክ ሣለው። ከዋሺንግተኑ ቤተ መጻሕፍትና ከአሮጊቲቱ የጸሎት ክፍል የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ ያስቸግራል።

በ1944 «ስደተኞች» የተባሉትን ሥዕሎች ሠራ። በልጅነቱ ያያቸው የድርቅ ተሰዳጆች ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ሸራው መጡ። በአንደኛው ሥዕል ላይ አንድ ቤተ ሰብ በደረቀ ምድር ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌው አጥንቱ ተቆጥሮ በትሩን ተደግፏል፤ የልጁ ሆድ ተነፍቷል፤ በላያቸው አሞራዎች ያንዣብባሉ። በሌላው ደግሞ የሞተውን ልጅ በእጃቸው ታቅፈው የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ፤ እንባቸውም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይወርዳል። ረኃብን ያየ ሰው እነዚህን ሥዕሎች ለማስተዋል አስተርጓሚ አያሻውም።

በዚያው ጊዜ ገደማ ቤሎ ሆሪዞንቴ በምትባለው ከተማ አጠገብ በፓምፑልያ፣ ኒማየር ላሠራው የቅዱስ ፍራንቼስኮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አደረገ። የከተማይቱ ከንቲባ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጁሴሊኖ ኩቢቼክ ነበሩ። ፖርቲናሪ በቅዱሱ አጠገብ በተኵላው ፈንታ ተራ የብራዚል ውሻ ስለ ሣለና የሕንጻውም ቅርጽ እንግዳ ስለ ሆነ፣ የቤተ ክህነቱ አለቆች ቤተ ክርስቲያኑን ለመባረክ እምቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑም ሳይባረክ እስከ 1959 ድረስ ቆየ። ይኸው ሕንጻ ከአካባቢው ጋር በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ፖርቲናሪ የብራዚል ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ለሕዝብ እንደራሴነት፣ በ1947 ደግሞ ለሴኔት ተወዳደረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይመረጥ ቀረ። ወዲያው ፓርቲው በሕግ ስለ ታገደ፣ እርሱም ወደ ሚስቱ አገር ወደ ኡሩጓይ ሄዶ ጥቂት ጊዜ ተቀመጠ። ሐሳቡን የሚደግፍም የሚነቅፍም ሊኖር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔው በኋላ ምን እንዳስከፈለው ወደፊት እንሰማለን።

አሁን ወደ ሕይወቱ ትልቁ ሥራ ደርሰናል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኒው ዮርክ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባሠራ ጊዜ፣ የብራዚል መንግሥት ስጦታ ሊያበረክት ፈልጎ ሥራውን ለፖርቲናሪ ሰጠው። እርሱም «ጦርነት» እና «ሰላም» የሚባሉ ሁለት ሥዕሎች ለመሥራት ወሰነ። እያንዳንዱ ቁመቱ 14 ሜትር፣ ስፋቱም ከ10 ሜትር በላይ ነው። ከ1952 ጀምሮ ከመቶ በላይ የዝግጅት ንድፎችን ሠራ።

በዚህ መካከል ሰውነቱ ይደክምና ይደማ ጀመር። በ1954 ሐኪሞች መርምረው እርሳስ የተባለው ማዕድን ደሙን እንደ መረዘው ነገሩት። በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ይጠቀሙባቸው ከነበሩት የቅባት ቀለሞች መካከል አንዳንዶቹ በእርሳስ የተሠሩ ነበሩ። የሚሠራ ሰው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ሰውነቱ ያስገባዋል፤ መርዙም ቶሎ ስለማይወጣ ዓመት በዓመት ላይ ይከማቻል። የሐኪሞቹ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ እነዚህን ቀለሞች ይተው አሉት።

እስቲ እናስተውለው። የ50 ዓመት ሰው ነው፤ ሚስትና ልጅ አለው፤ ዝናውም ሞልቷል። በሌላ በኩል ደግሞ አገሩ በዓለም መንግሥታት ፊት የምታቀርበው ስጦታ በእጁ ላይ ነው፤ ሥራውም ገና አላለቀም። ፖርቲናሪ ሥራውን መረጠ። ጽድቅም ይባል ጥፋት፣ ለመፍረድ ቸኵለን አፋችንን መክፈት አይገባንም። እኛ ልንል የምንችለው፣ እርሱ መሣልን መተው ከመኖር እንደ መከልከል አድርጎ መቍጠሩን ብቻ ነው። በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ተብሎ በተሠራ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች ተደርድረውለት ከረዳቶቹ ጋር በመወጣጫ ላይ እየወጣ ሁለቱን ሥዕሎች ፈጸማቸው። በ1956 መጀመሪያ በሪዮ የማዘጋጃ ቤት ቴአትር ውስጥ ለሕዝብ ሲታዩ፣ መራቂው በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኩቢቼክ ነበሩ።

በ«ጦርነት» ሥዕል ውስጥ ጠመንጃ የለም፤ መድፍ የለም፤ ወታደርም ሲዋጋ አይታይም። የሚታዩት የሞቱ ልጆቻቸውን ታቅፈው የተንበረከኩ እናቶች፣ ፊታቸውን በእጃቸው የሸፈኑ ሴቶችና በዮሐንስ ራእይ የተነገሩት ፈረሰኞች ናቸው። ሁሉም በሰማያዊ ጥላ ተሸፍኗል። ፖርቲናሪ ጦርነት ማለት ውጊያው ሳይሆን ከውጊያው በኋላ በየቤቱ የሚቀረው ለቅሶ መሆኑን አሳየ። «ሰላም» ደግሞ ወርቃማ ነው። በዚያ ልጆች ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፤ ልጃገረዶች ይጨፍራሉ፤ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ልጆች በኅብረት ይዘምራሉ፤ ገበሬዎች መከር ይሰበስባሉ። ዓለም ሁሉ እንዲመኘው ያቀረበው ሰላም የብሮዶውስኪ ሜዳ ሰላም ነበር።

ሥዕሎቹ በኒው ዮርክ የተመረቁት በመስከረም ወር 1957 ነው። የየአገሩ መልእክተኞች ወደ ጠቅላላው ጉባኤ አዳራሽ ሲገቡ «ጦርነት» ይቀበላቸዋል፤ ሲወጡ ደግሞ «ሰላም» ይሸኛቸዋል። የሠራቸው ሰው ግን በዚያ አልነበረም። ኮሙኒስት በመሆኑ ምክንያት ወደ አሜሪካ ለመግባት አልቻለም። ጤናውን የከፈለበት ሥራ በተሰቀለበት ቦታ ቆሞ ለማየት ሳይበቃ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ዘመኑ ከቀለም ጋር ሙግት ነበር። የሐኪሞቹን ቃል ለማክበር በሞከረባቸው ጊዜያት ወደ ባለ ቀለም እርሳስ ተመለሰ። በ1956 በዚሁ በባለ ቀለም እርሳስ የዶን ኪኾቴን ታሪክ የሚያሳዩ 21 ሥዕሎች ሠራ። በቋንቋችን ሁለቱም «እርሳስ» መባላቸው የሚያስገርም ነው፤ አንደኛው እርሳስ ሲገድለው ሌላው እርሳስ ሥራ ሳይፈታ አቆየው። በዚያው ዓመት ወደ እስራኤል ሄዶ ብዙ ንድፎች ይዞ ተመለሰ፤ ግጥምም ይጽፍ ጀመር። በ1960 የልጅ ልጁ ዴኒዝ ስትወለድ ግን የእርስዋን መልክ በእርሳስ ብቻ መሣል አላጠገበውም፤ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ከዚያም በኢጣሊያ በሚላኖ ከተማ ለሚደረግ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሥዕሎች እንዲያዘጋጅ ስለ ተጠየቀ ቀንና ሌሊት ይሠራ ጀመር። ወላጆቹ በድኽነት የወጡባት አገር ልጃቸውን በክብር ጠርታዋለችና እምቢ ሊል አልቻለም። መርዙም በብርቱ ተመለሰበት። የካቲት 6 ቀን 1962 በ58 ዓመቱ በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ዐረፈ።

አስከሬኑ ለስንብት የተቀመጠው በትምህርት ሚኒስቴር ሕንጻ ውስጥ ነበር። በላይኛው ፎቅ የሣላቸው ቡና ለቃሚዎች፣ ወርቅ አጣቢዎችና ሸንኮራ ቆራጮች በግድግዳቸው ላይ ሆነው ሠዓሊያቸውን ተሰናበቱት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከሞተ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገር። የብሮዶውስኪው ቤቱ በ1970 ሙዚየም ሆነ። ሥዕሎቹ በብዙ አገርና በየግል ቤቱ ተበትነው ስለ ነበር፣ ልጁ ዣዎ ካንዲዶ በ1979 አንድ የጥናት ድርጅት አቋቁሞ የአባቱን ሥራዎች ሲፈልግና ሲመዘግብ ቆየ፤ ከ5,000 በላይ የሆኑትንም በዝርዝር መዝገብ አወጣ። «የቡና ሠራተኛ» የተባለው ሥዕል በታኅሣሥ 2007 በሳን ፓውሎ ከሚገኘው ሙዚየም ከአንድ የፒካሶ ሥዕል ጋር ተሰርቆ፣ በሚቀጥለው ወር ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። «ጦርነት» እና «ሰላም» የኒው ዮርኩ ሕንጻ በሚታደስበት ጊዜ በ2010 ወደ ብራዚል ተመልሰው ታደሱ። ለሕዝብም በሪዮ፣ በሳን ፓውሎና በሌሎችም ከተሞች፣ በ2014 ደግሞ በፓሪስ ከታዩ በኋላ በ2015 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ። ሠዓሊው ሊሻገረው ያልቻለውን ባሕር ሥዕሎቹ ደጋግመው ተሻገሩት።

አድማጮቻችን፤ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እናገኛለን? መቼም ሁላችንም ሠዓሊ ለመሆን አንችልም፤ ለሥራ ስንል ጤናችንን እንጣል ማለትም አይደለም። ዳሩ ግን ፖርቲናሪ ከእርሻ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስም ወደ ሚኒስትሮች አዳራሽ ሲወጣ፣ በወጣበት ደረጃ ሁሉ የመንደሩን ሰዎች ይዟቸው ወጣ። ብዙ ሰው ከፍ ሲል የመነሻውን አቧራ ከጫማው ያራግፋል፤ እርሱ ግን ያንን ቀይ አቧራ ቀለም አድርጎ በቤተ መንግሥትና በመንግሥታት ጉባኤ ግድግዳ ላይ ቀባው። በወረቀትና በማኅተም መካከል ስንውል፣ በፋይሉ ላይ የምናነበው ቍጥር በአንድ ስፍራ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው መሆኑን ለማስታወስ እንዲህ ያለ ሠዓሊ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሲኒያችንን ስናነሣ፣ ጆንያው ፊቱን የከለለበትን ያንን ተሸካሚ ለአንድ አፍታ እንኳ ብናስበው፣ የካንዲዶ ፖርቲናሪ ድካም ከንቱ አልሆነም ማለት ነው።